«ዘ ፎለን አይድል»፦ ሕፃን ላይ የተጫነ የጓዳ ምስጢር

«ዘ ፎለን አይድል» እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ፣ 95 ደቂቃ የሚወስድ ጥቁርና ነጭ የእንግሊዝ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ካሮል ሪድ፣ አምራቹ የአሌክሳንደር ኮርዳ ኩባንያ ለንደን ፊልምስ ነው። ስክሪፕቱን የጻፈው ግሬም ግሪን ሲሆን መነሻው የራሱ አጭር ልብ ወለድ «ዘ ቤዝመንት ሩም» ነው።

ለንደን ውስጥ በሚገኝ የውጭ አገር ኤምባሲ የሚኖረው ትንሹ ፊሊፕ የአምባሳደሩ ልጅ ነው። እናቱ ታማ ለወራት ርቃለች፤ አባቱ ሊያመጣት ሲሄድ ልጁ ከአሽከሮቹ አለቃ ከቤይንስና ከሚስቱ ጋር ይቀራል። ቤይንስን (ራልፍ ሪቻርድሰን) እንደ ጀግና ያየዋል። ሰውየው ረግጦት ስለማያውቀው አፍሪካ የፈጠራ ጀብዱ እየነገረው ነው ያሳደገው። ወይዘሮ ቤይንስ (ሶንያ ድሬስደል) ግን ቁጡ ናት፤ ልጁ ደብቆ የሚያሳድገውን ማክግሬገር የተባለ ትንሽ እባብ እሳት ውስጥ ትጨምርበታለች።

አንድ ቀን ፊሊፕ ቤይንስን ተከትሎ ሻይ ቤት ሲገባ ከኤምባሲው ጸሐፊ ከጁሊ (ሚሼል ሞርጋን) ጋር ያገኘዋል። «የዘመድ ልጅ ናት፤ ለማንም እንዳትናገር» ይባላል። ሚስትየዋ ደግሞ ነገሩን ከልጁ አፍ አውጥታ፣ ማወቋን እንዳይናገር ታስምለዋለች። ሁለቱም ምስጢር የሚያስጠብቁት ለእሱ አስበው አይደለም። የፊልሙ ጭካኔ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወይዘሮዋ ባሏንና ጁሊን ልትይዝ ከቤት የወጣች መስላ ተደብቃ ትጠብቃለች። ሌሊት ከባሏ ጋር ደረጃው ላይ ከተጣሉ በኋላ፣ ጁሊ ያለችበትን ክፍል ለማየት መስኮቱ ደፍ ላይ ወጥታ ሳለች መስኮቱ ይገፋትና ትወድቃለች። ተመልካቹ ይህን በዓይኑ ያያል። ልጁ ግን በውጭው የአደጋ ጊዜ ደረጃ እየሮጠ ሲወርድ በየመስኮቱ ያየው ጠቡንና ሬሳውን ብቻ ስለሆነ፣ ቤይንስ ገፍትሮ ገደላት ብሎ ያምናል።

በአጭር ልብ ወለዱ ቤይንስ በእርግጥ ጥፋተኛ ነው፤ ልጁም ሳያውቅ ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጠዋል። ግሪንና ሪድ ይህን ገለበጡት፦ ሰውየው ንጹሕ ነው፣ ልጁ ሊያድነው ሲዋሽ ግን ገመዱን ያጠብቅበታል። ለውጡ ታሪኩን ያለሰለሰው ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ጭንቀቱን ያበረታው እርሱ ነው። ጥያቄው «ማን ገደላት?» መሆኑ ቀርቶ «ይህ ልጅ አሁን ምን ይናገር ይሆን?» ይሆናል። ወይዘሮዋ የላከችው፣ በቤይንስ ላይ ማስረጃ የሚሆነው ቴሌግራም እንኳ የወረቀት አውሮፕላን ሆኖ መርማሪዎቹ ወዳሉበት ይበራል።

የዠርዥ ፔሪናል ካሜራ ከደረጃው አናት ቁልቁል፣ ወይም ከልጅ ቁመት ሽቅብ ይመለከታል። ቪንሰንት ኮርዳ ያቀናበረው ሰፊ አዳራሽና ጠመዝማዛ ደረጃ፣ ወሬ ከላይ የሚሰማበትና ከታች የሚደበቅበት ቦታ ነው። ከባዱ ሥራ ግን ትወና ልምድ ያልነበረውን ቦቢ ሄንሪን መምራት ነበር። ልጁ ትኩረቱ ቶሎ ስለሚበተን ሪድ ንግግሩን በትንንሽ ቁራጭ እየቀረጸ በቅንብር ገጣጠመው። ትወናው ወጥ ሆኖ መታየቱ የአርታዒው የኦስዋልድ ሃፈንሪክተር ውለታ ጭምር ነው።

ፊልሙ የብሪታንያ ፊልም አካዳሚን የምርጥ እንግሊዝ ፊልም ሽልማት ሲወስድ፣ ለኦስካርም በዳይሬክተርነትና በስክሪፕት ታጭቷል። ሪድና ግሪን በ1949 የወጣውን «ዘ ሰርድ ማን» የተባለ ፊልምም አብረው ሠሩ።

መጨረሻውን ሲያዩ መስኮቱ ደፍ ላይ በፈሰሰው አፈር የታተመውን የወይዘሮ ቤይንስን የጫማ ዱካ ልብ ይበሉ። መርማሪዎቹ ቤይንስን ነጻ የሚያወጡት በእርሱ ነው። ፊሊፕ ግን ዱካው ከውድቀቷ በፊት በሌላ ጊዜ የተረገጠ መሆኑን ያውቃል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ሊናገር ሲታገል የሚሰማው የለም። ስለዚህ ፖሊስ ትክክለኛ ውሳኔ ላይ የደረሰው በተሳሳተ ማስረጃ ነው።