ዲስክሪሚናንት የሚናገረውና የማይናገረው፦ መስመርና ፓራቦላ ሲገናኙ የሚነሱ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ዲስክሪሚናንትን፣ ማለትም ኤ·ኤክስ² + ቢ·ኤክስ + ሲ = 0 የሚመስል (ኳድራቲክ) እኩልታ ስንት መልስ እንዳለው የሚናገረውን ቁጥር፣ ብዙ ሰው በቃሉ ይዞታል። ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት እንኳ "ቢ ስኩዌር ሲቀነስ አራት ኤ ሲ" ይላችኋል። ከዜሮ ከበለጠ ሁለት መልስ፣ ዜሮ ከሆነ አንድ፣ ከዜሮ ካነሰ ምንም። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ግርግሩ የሚነሳው ቀመሩ የየትኛው እኩልታ እንደሆነ ሲረሳ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች መልካቸው ይለያይ እንጂ አብዛኞቹ የዚህችው የአንዷ መርሳት ልጆች ናቸው።

አንድ ፓራቦላ ይዘን እንሂድ፦ ዋይ = ኤክስ² − 4ኤክስ + 5። አፉን ወደ ላይ ከፍቷል። ዝቅተኛው ነጥቡ፣ ማለትም ቨርቴክሱ፣ (2፣ 1) ላይ ነው።

"የፓራቦላው ዲስክሪሚናንት ኔጌቲቭ ከሆነ መስመሩ አያገኘውም"

ይህ የስህተቶች ሁሉ አውራ ነው። ፓራቦላችን ላይ ኤ 1፣ ቢ −4፣ ሲ 5 ነው። ስለዚህ 16 − 20 = −4 ይመጣል። ተማሪው ኔጌቲቭ ሲያይ እፎይ ይላል፤ "አይገናኙም" ብሎ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

ግን ማን ከማን ጋር ነው የማይገናኘው? ያ −4 የነገረን ፓራቦላው ከኤክስ አክሲስ ጋር እንደማይገናኝ ብቻ ነው። የኤክስ አክሲስ ደግሞ ዋይ = 0 የሚባል አንድ መስመር ነው። ስለ ሌሎቹ መስመሮች ምንም አልተባለም።

አሁን ዋይ = ኤክስ + 1 የሚለውን መስመር እናምጣ። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ዋያቸው አንድ ነው። ስለዚህ ኤክስ² − 4ኤክስ + 5 = ኤክስ + 1። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ስንሰበስብ ኤክስ² − 5ኤክስ + 4 = 0 ይሆናል። ዲስክሪሚናንቱ መሰላት ያለበት የዚህ ነው፦ 25 − 16 = 9። ፖዘቲቭ ነው። መስመሩ ፓራቦላውን (1፣ 2) እና (4፣ 5) ላይ ይቆርጠዋል።

እግረ መንገዴን፣ ሲሰበሰብ የምትፈጠር አንዲት ትንሽ ወጥመድ አለች። መስመሩን ስንቀንስ ማይነሱ ለ1ም ይደርሳታል። እሷን ረስታችሁ + 1 ብላችሁ ብትተዉ ኤክስ² − 5ኤክስ + 6 = 0 ይመጣል። ዲስክሪሚናንቱ 1 ነው፤ መልሱም 2 እና 3፣ ጥርት ያለ ቁጥር። የሚያናድደውም ይሄ ነው፤ ስህተቱ ቆንጆ መልስ ይሰጣል። ኤክስ 2 ሲሆን ግን ፓራቦላው 1 ላይ ነው፣ መስመሩ 3 ላይ። አልተገናኙም። መልሱን በሁለቱም እኩልታ መልሶ መፈተሽ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

"ፓራቦላውን ከመስመሩ ከቀነስኩ መልሱ ይገለበጣል"

አይገለበጥም። −ኤክስ² + 5ኤክስ − 4 = 0 ይመጣል፤ ዲስክሪሚናንቱ አሁንም 25 − 16 = 9 ነው። ኤ እና ሲ አብረው ምልክት ስለሚቀይሩ ብዜታቸው ያው ነው። በፈለጋችሁት በኩል ቀንሱ።

"ኔጌቲቭ ከመጣ የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ"

መስመሩን ወደ ዋይ = ኤክስ − 3 እናውርደው። ኤክስ² − 5ኤክስ + 8 = 0 ይሆናል፤ 25 − 32 = −7። ብዙዎች እዚህ ጋ ይደነግጡና ስሌቱን ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። አንዳንዱ የማይነስ ምልክቷን ሰርዞ "7" ያደርጋታል። ኧረ ተዉ! ምንም አልተበላሸም። "አይገናኙም" ራሱን የቻለ ሙሉ መልስ ነው።

ነገሩ ደግሞ የቆየ ነው። የሒሳብ ሊቁ አል-ኽዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በአልጀብራ ሥራው ላይ እንዲህ ያለ ምሳሌ ሠርቷል፦ የአንድ ቁጥር ካሬ ላይ 21 ሲደመር የዚያው ቁጥር አሥር እጥፍ ይሆናል። የአሥርን ግማሽ፣ ማለትም 5ን፣ በራሱ ታባዛለህ፤ 25። 21 ትቀንሳለህ፤ 4። ስኩዌር ሩቱ 2 ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ 3 ወይም 7። ከዚያ ቀጥሎ፣ ያ ብዜት ከተደመረው ቁጥር ካነሰ ጥያቄው መልስ እንደማይኖረው፣ እኩል ከሆነ ደግሞ መልሱ ግማሹ ራሱ እንደሆነ ይገልጻል። ሦስቱም ሁኔታዎች ያኔም ነበሩ ማለት ነው። ዲስክሪሚናንት የሚለው ስም የመጣው ግን በጣም ዘግይቶ ነው፤ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ጆሴፍ ሲልቬስተር በ1851 (እ.ኤ.አ.) ነው ያወጣለት።

"ዲስክሪሚናንቱ ትልቅ ከሆነ ነጥቦቹ የተራራቁ ናቸው"

ይህኛው ግማሹ እውነት ነው። ለዚህም ነው ረጋ ብዬ ላየው የምፈልገው።

ቅድም ዲስክሪሚናንቱ 9 ነበር፤ ነጥቦቹ ኤክስ 1 እና 4 ላይ ነበሩ። ልዩነታቸው 3 ነው፤ የ9 ስኩዌር ሩት። አጋጣሚ አይደለም። መልሶቹን የሚሰጠው ኳድራቲክ ቀመር፣ (−ቢ ± √(ቢ² − 4ኤሲ)) ÷ 2ኤ፣ ላይ ከፕላስ-ማይነሱ በስተቀር ሁለቱ መልሶች አንድ ናቸው፤ ሲቀናነሱ የሚቀረው የዲስክሪሚናንቱ ስኩዌር ሩት ለኤ ተካፍሎ ነው።

ያችን "ለኤ ተካፍሎ" ግን አትዝለሏት። እኩልታውን በሙሉ በ2 አባዙት፦ 2ኤክስ² − 10ኤክስ + 8 = 0። ዲስክሪሚናንቱ 100 − 64 = 36 ሆነ። በአራት እጥፍ አደገ! ነጥቦቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ምክንያቱም የ36 ስኩዌር ሩት 6 ነው፤ ለ2 ሲካፈል ያው 3። ስለዚህ "36 ከ9 ስለሚበልጥ ነጥቦቹ ተራርቀዋል" ማለት አይቻልም። ማወዳደር የሚቻለው ኤ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ይህ 3 የአግድም ልዩነት ነው እንጂ በመስመሩ ላይ ያለው ርቀት አይደለም። መስመራችን 3 ወደ ቀኝ ሲሄድ 3 ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት የ18 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 4.24 ገደማ ነው።

"ዜሮ ማለት የለም ማለት ነው"፣ "የሚነካካውም ቨርቴክሱ ላይ ነው"

ሁለቱን አንድ ላይ ላንሳቸው። የመጀመሪያው በቋንቋ የሚመጣ መምታታት ነው፤ ዜሮ ሲባል "ባዶ" ይታየናል። ዲስክሪሚናንት ግን ነጥቦቹን አይቆጥርም። 9 ሲሆን ዘጠኝ ነጥብ እንደሌለው ሁሉ፣ ዜሮ ሲሆንም ዜሮ ነጥብ አይደለም። ሁለቱ ነጥቦች ተጠጋግተው አንድ ላይ ወድቀዋል ማለት ነው።

ሁለተኛውን ለማየት መስመሩን ዋይ = ኤክስ + ኬ ብለን ኬን ነጻ እንተወው። እኩልታው ኤክስ² − 5ኤክስ + 5 − ኬ = 0 ነው። ዲስክሪሚናንቱ 25 − 20 + 4ኬ፣ ማለትም 5 + 4ኬ ይሆናል። ይህ ዜሮ የሚሆነው ኬ −1.25 ሲሆን ነው። መስመሩ ያኔ ፓራቦላውን (2.5፣ 1.25) ላይ ይነካዋል። ቨርቴክሱ (2፣ 1) ነበር። ቦታው ሌላ ነው። ቨርቴክሱን የሚነካው ታንጀንት (ሳይቆርጥ የሚነካ መስመር) አግዳሚው መስመር፣ ዋይ = 1 ብቻ ነው።

"ግራፉን ካየሁት ይበቃኛል"

ኬን −1.24 አድርጉትና በስልካችሁ ግራፉን ሣሉት። "ነካው" ትላላችሁ። ዲስክሪሚናንቱን አስሉት፦ 5 − 4.96 = 0.04። ፖዘቲቭ ነው። ስኩዌር ሩቱ 0.2 ስለሆነ ነጥቦቹ 2.4 እና 2.6 ላይ ናቸው። በመካከላቸው መስመሩና ፓራቦላው በጣም የሚለያዩት 2.5 ላይ ሲሆን ልዩነቱ 0.01 ብቻ ነው፤ 1.26 እና 1.25። ያንን የሚለይ ዓይን የለም። ግራፍ ጥሩ ጓደኛ ነው፤ እንዲህ ባለው ጠርዝ ላይ ግን ምስክርነቱን አልቀበልም።

"(4 + ኤም)² ከ16 ከበለጠ፣ 4 + ኤም ከ4 ይበልጣል"

አሁን ደግሞ ስሎፑን፣ ማለትም የመስመሩን ዘንበልታ፣ ኤም ብለን ነጻ እንተወው። በ(0፣ 1) የሚያልፉ መስመሮች ዋይ = ኤም·ኤክስ + 1 ናቸው። ከፓራቦላችን ጋር ሲገጥሙ ኤክስ² − (4 + ኤም)ኤክስ + 4 = 0 ይመጣል። ሁለት ቦታ የሚቆርጡት (4 + ኤም)² ከ16 ሲበልጥ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱን ጎን ስኩዌር ሩት ወስዶ "ኤም ከ0 ይበልጣል" ብሎ መጨረስ የተለመደ ነው። ግማሹ መልስ ቀለጠ! 4 + ኤም ከ−4 ቢያንስም እኮ ካሬው ከ16 ይበልጣል። ሙሉው መልስ ኤም ከ0 ሲበልጥ ወይም ከ−8 ሲያንስ ነው። ኤም −8 ሲሆን መስመሩ እየተምዘገዘገ ወርዶ ፓራቦላውን በግራ ክንዱ (−2፣ 17) ላይ ይነካዋል። በ0 ደግሞ ቨርቴክሱን ይነካዋል። ከፓራቦላው ውጭ ካለ ነጥብ ሁለት ታንጀንቶች ስለሚወጡ፣ ጠርዙም ሁለት መሆኑ አይግረማችሁ።

"አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ከተገናኙ ታንጀንት ነው"

ለመጨረሻ ያቆየሁት የምወደውን ነው። ኤክስ = 3 የሚለው ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ፓራቦላችንን አንዴ ብቻ፣ (3፣ 2) ላይ ያገኘዋል። አይነካም፤ ሰንጥቆት ያልፋል። ዲስክሪሚናንት ልፈልግ ብትሉ የለም፤ 3ን ስትተኩ ኳድራቲክ እኩልታ አይፈጠርም። ዋይ ወዲያው 2 ሆኖ ይወጣል።

ይህ ነገር ተደብቆ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ወደ ጎን የተኛውን ፓራቦላ ኤክስ = ዋይ² ውሰዱ። ጥያቄው "ዋይ = ኤም·ኤክስ + 1 ይህን ፓራቦላ ሁለት ቦታ የሚቆርጠው ኤም ስንት ሲሆን ነው?" ይላል። ኤክስን ስትተኩ ኤም·ዋይ² − ዋይ + 1 = 0፣ ዲስክሪሚናንቱ 1 − 4ኤም። "ኤም ከ¼ ሲያንስ" ብሎ መዝጋት ያጓጓል፤ ጎበዝ ተማሪም እዚህ ይሰናከላል።

ኤምን ዜሮ አድርጉት። ዲስክሪሚናንት የተባለው ቁጥር 1 ነው፤ ፖዘቲቭ፤ "ሁለት ነጥብ" እያለ ነው። መስመሩ ግን ዋይ = 1 ነው። ፓራቦላውን (1፣ 1) ላይ አንዴ ቆርጦ ይሄዳል፤ ሌላ ነጥብ የለም። ምን ሆነ? ኤም የካሬው ኮኢፊሸንት (አባዢ ቁጥር) ነበር። እሱ ሲጠፋ ካሬው አብሮ ጠፋ፤ የቀረው −ዋይ + 1 = 0 ብቻ ነው። የዲስክሪሚናንት ሕግ የሚሠራው ኤ ዜሮ ካልሆነ ነው፤ ያቺ ትንሽ ቅድመ ሁኔታ ደግሞ ከቀመሩ ጎን ተጽፋ ማንም አያነባትም። ትክክለኛው መልስ፦ ኤም ከ¼ ያንሳል፤ ዜሮ ግን አይሆንም።