የአማራ ክልል ምክር ቤት ከጎንደር ሲታይ

ጎንደር ላይ ተቀምጦ ሕግ የሚያወጣ የክፍለ ሀገር ሸንጎ የለም። የጎንደር ሰው የሚተዳደርበት የክልል ሕግ የሚወጣው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ባሕር ዳር ላይ ነው። የሚያወጣውም የአማራ ክልል ምክር ቤት ነው።

ድሮም ቢሆን ጎንደር የራሷ ሕግ አውጪ አልነበራትም። የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሳለች ገዢው በንጉሡ ተሹሞ ይመጣ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝብ የሚመርጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አመጣ። እሱም ቢሆን አዲስ አበባ ነበር። ነገሩ የተቀየረው ክልሎች ሲዋቀሩ ነው። የ1987ቱ የፌዴራል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤትን የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል አደረገው። አማራ ክልልም ሕገ መንግሥቱን በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 59 አሻሽሎ አወጣ።

ምክር ቤቱ 294 መቀመጫ አለው፤ ዘመኑ 5 ዓመት ነው። ክልሉ በተወካዮች ምክር ቤት ያለው መቀመጫ ደግሞ 138 ነው። ስለዚህ አንድ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ አንድ ሰው ሲልክ፣ ወደ ባሕር ዳር ከአንድ በላይ ሊልክ ይችላል። መራጩ 18 ዓመት የሞላው፣ ዕጩው ደግሞ 21 የሞላው መሆን አለበት። የሚያሸንፈው ብዙ ድምፅ ያገኘ ነው፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ድምፁ ብዙ ቦታ ለተበተነ ትንሽ ፓርቲ ይሄ አሠራር አይመችም።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ካርዱን ይዞ የተሰለፈ የጎንደር መራጭ ሁለት ወረቀት ነው የተሰጠው፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልሉ። ብዙ ሰው ትኩረቱ የመጀመሪያው ላይ ነበር ብል አልተሳሳትኩም። ግን ለዕለት ኑሮ ሁለተኛው ይቀርባል። የደምቢያ ገበሬ ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጠውን የመሬት ደብተር እንውሰድ። መሬቱን ማከራየት፣ ማውረስ ወይም በስጦታ መስጠት የሚችለው እንዴት እንደሆነ በዝርዝር የሚነግረው፣ ይኸው ምክር ቤት ያወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። የክልሉ አዋጆች የሚታተሙት ዝክረ ሕግ በተባለው ጋዜጣ ላይ ነው።

ርዕሰ መስተዳድሩን ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጥም። ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል ይሰይመዋል፤ እሱ ደግሞ ካቢኔውን ለምክር ቤቱ አቅርቦ ያስጸድቃል። በ2013ቱ ምርጫ የተመሠረተው ምክር ቤት መስከረም 2014 ላይ ዶክተር ይልቃል ከፋለን ሾመ። ነሐሴ 2015 ላይ በአቶ አረጋ ከበደ ተተኩ። በመሃል ምርጫ አልነበረም፤ መራጩ ሳይጠየቅ ወንበሩ ሰው ቀየረ። ሥርዓቱ ፓርላማዊ ስለሆነ ይሄ ሕጋዊ ነው። ሰዉ ግን "እኛ መቼ መረጥነው?" ማለቱ አይቀርም። ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤና ቋሚ ኮሚቴዎች አሉት፤ በጀት ያጸድቃል፣ ዳኞችን ይሾማል፣ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚላኩትንም የመምረጥ ሥልጣን አለው።

ሰውን ግራ የሚያጋባው ዞን ነው። የድሮው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ተከፍሎ ማዕከላዊው ጎንደር ላይ፣ ሰሜኑ ደባርቅ፣ ምዕራቡ ገንዳ ውኃ ተቀምጧል። ሦስቱም አስተዳዳሪ እንጂ የተመረጠ ምክር ቤት የላቸውም። በክልሉ በዞን ደረጃ ምክር ቤት ያላቸው የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች ናቸው። ለቀሩት ዞን የክልሉ ክንድ ነው። ወረዳና ቀበሌ ግን የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው።

የጎንደር ከተማም እንደዚሁ ምክር ቤት አላት፤ ከንቲባውን የሚሰይመው እሱ ነው። የአዘዞ ነዋሪ ውኃ ጠፋ ብሎ ቢማረር መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ከተማው ነው፤ ባሕር ዳር ድረስ አይሄድም። ችግሩ የአካባቢ ምርጫው ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዝሞ ቀረ። በ2013ቱ ምርጫም ለወረዳና ለከተማ ምክር ቤት የሚሆን ሦስተኛ ወረቀት አልቀረበም።