«ፕፌኒግን ያላከበረ፣ ታለር አይገባውም»

ፍራንክፈርት፣ ዳቦ ቤት ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ ያሉት አሮጊት ቦርሳቸውን ሲከፍቱ አንዲት ሳንቲም ወድቃ ተንከባለለች። «ይተዉት፣ አንድ ሳንቲም እኮ ናት» አላቸው ከኋላዬ ያለ ወጣት። ሴትዮዋ በከዘራቸው ተደግፈው ጎንበስ አሉ። አነሷት። በካፖርታቸው እጅጌ ጠረግ ጠረግ አደረጓትና፣ «ቬር ዴን ፕፌኒግ ኒሽት ኤርት፣ ኢስት ዴስ ታለርስ ኒሽት ቬርት» አሉት።

«ፕፌኒግን ያላከበረ፣ ታለር አይገባውም» ማለታቸው ነው። ፕፌኒግ የድሮ ጀርመን ትንሿ ሳንቲም፣ ታለር ደግሞ ትልቁ የብር ገንዘብ ነበር። በጀርመንኛው «ኤርት» እና «ቬርት» ቤት ስለሚመቱ አንዴ የሰማው ልጅ አይረሳውም።

ብዙ ሰው የቁጠባ ምክር አድርጎ ይወስደዋል። አልተሳሳተም፤ ግን አባባሉ «ያላጠራቀመ» አይልም፣ «ያላከበረ» ነው የሚለው። የእኛው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስለ ትዕግሥት ነው። ይሄኛው ስለ ክብር ነው። እኔ መሬት የወደቀ እንጀራ አንስተው ስመው የሚያስቀምጡ እናቶችን ያስታውሰኛል። ትንሽ ነው ተብሎ አይረገጥም።

ታለር ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አያቶቻችን ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር እያሉ የተገበያዩበት ገንዘብ ታለር ነው። ስሙ የመጣው ዛሬ ቼክ ውስጥ ካለች፣ ዮአኪምስታል ከምትባል የብር ማዕድን ከተማ ነው። «ታል» ሸለቆ ማለት ነው። የእኛ «ታላሪ»ም፣ የአሜሪካኖቹ «ዶላር»ም ከዚያው ሸለቆ የወጡ ናቸው።

በፕሩሲያ አንድ ታለር 30 ግሮሸን ነበር፤ አንዱ ግሮሸን 12 ፕፌኒግ። ስለዚህ ታለር ለመሙላት 360 ፕፌኒግ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1871 ጀርመን አንድ አገር ስትሆን ማርክ መጣ። አንድ ታለር በ3 ማርክ ተተመነ፣ ማርኩም 100 ፕፌኒግ ሆነ። የመጨረሻዎቹ ታለሮች በ1907 ከገበያ ወጡ። አባባሉ ግን ታለርን አልጣለም። የሞተውን ገንዘብ ይዞ ኖረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1948፣ በምዕራቡ የጀርመን ክፍል አዲሱ ማርክ ሲወጣ ለእያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ የታደለው 40 ማርክ ነበር። ያኔ ፕፌኒግ ቀልድ አልነበረም። በ50 ፕፌኒጉ ላይ አንዲት ሴት ተንበርክካ የኦክ ችግኝ ስትተክል ትታያለች። አገር ከፍርስራሽ ሲነሳ ከዚህ የተሻለ ምስል የሚገኝ አይመስለኝም።

በ2002 መባቻ የዩሮ ኖትና ሳንቲም ኪስ ገባ። አንዱ ዩሮ በ1.95583 ማርክ ተመነዘረ። ሰው ዋጋ ባየ ቁጥር በልቡ በሁለት እያባዛ «ኧረ ተወደደ!» ይል ጀመር። «ቶየር» ውድ ማለት ነውና ዩሮን «ቶይሮ» አሉት። ቃሉ በዚያው ዓመት የጀርመን የዓመቱ ቃል ተባለ።

ፕፌኒግ በዚህ ሁኔታ ሞተ። አሁን አባባሉ ውስጥ ያሉት ሁለቱም ገንዘቦች የሉም። «ፕፌኒግ»ን በ«ሴንት»፣ በዩሮው ሳንቲም፣ ተክተው የሚሉትም አሉ፤ ለእኔ ጆሮ ግን አይጥመኝም። ሴትዮዋም አልተኩትም። ደግሞም ከመሬት ያነሷትን ሳንቲም ብትገለብጧት የኦክ ቅርንጫፍ አለባት፤ በፕፌኒግ ላይ የነበረውን እንዲያስታውስ ነው የተቀረጸው።

ዳቧቸውን ይዘው ሲወጡ ተከትያቸው፣ «ፕፌኒግ ቤትዎ አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«አንድ ጣሳ ሙሉ።»

የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ማርክን ያለ ጊዜ ገደብ፣ ያለ ክፍያ ይቀይራል። እስካሁን ያልተመለሰው 12 ቢሊዮን ማርክ ገደማ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤቱም እዚሁ ፍራንክፈርት ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ፣ ከዘራቸውን እያስተካከሉ። «ባለቤቴ ነው ያጠራቀማቸው።»