ቦሌ የሚኖር ሁሉ ሀብታም ነው?

አንድ ዘመዴ ከክፍለ ሀገር ደውሎ የት እንደምኖር ጠየቀኝ። «ቦሌ፣ ከመድኃኔዓለም ጀርባ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «እሰይ! አልፎልሃላ!» አለ። የምኖረው ሰርቪስ ቤት ነበር። የቪላ ጓሮ፣ ሦስት በሦስት የሆነች ክፍል፣ ሽንት ቤቱ ለአምስት ተከራይ የጋራ። ሰፈሩን እንጂ ቤቱን አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲህ ስለ መሀል ከተማ ኑሮ በየሻይ ቤቱ የሚወራው ያስቀኛል። ጥቂቱን ላንሳው።

«ድሃ ሲያዩት ያስታውቃል»

የሚያስታውቀው የለመነው ነው። መሀል አዲስ አበባ ያለው ድሃ ሸሚዙን ተኩሶ ነው ከቤት የሚወጣው። ሞባይል ቤት፣ ባንክ መስኮት ላይ፣ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ጋ ታገኙታላችሁ። ዘንጦ ካልመጣ ሥራውም የለም። ምሳ ሰዓት ላይ ልብ በሉ። አንዱ «ጾም ነኝ» ይላል፤ ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ ያውም የፍስክ ወቅት። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ ምሳ ዕቃዋን ክዳኑን ጨርሳ ሳትከፍት ነበር የምትበላው። ውስጡ ደረቅ እንጀራ በአዋዜ መሆኑን ያወቅኩት ከዓመት በኋላ ነው። የሰው ፊት እሳት ነው።

«ደመወዝ ያለው ሰው አይቸገርም»

ኢትዮጵያ ውስጥ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። የመንግሥት ሠራተኛው ቢያንስ ወለል አለው፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ግን ከዚያ በፊት፣ ሐምሌ 2016 ላይ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ የታክሲው መለዋወጫም የሚመጣው በዶላር ነው።

«ድሃ ትንሽ ስለሚጠቀም ትንሽ ይከፍላል»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ዘይት በአምስት ሊትር ጀሪካን የሚገዛና በሃይላንድ እያስቀዳ የሚገዛ ሰው ሊትሩን በእኩል ዋጋ አያገኙትም። ባለሱቁ በዱቤ ሲሰጥ ደግሞ ዋጋ ቀንስ አይባልም። ዱቤ ያለበት ሰው ሱቅ አያማርጥም።

መብራቱን ተዉት። ግቢያችን ውስጥ ቆጣሪው አንድ ነበር። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው የሚሰላው። እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም በጣም ርካሽ ይከፍላል፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋውም ይከብዳል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ጥቂት የሚጠቀመውን ለመደጎም ነው። ችግሩ ያ ሰው የራሱ ቆጣሪ የለውም። አምስታችን በየክፍላችን 40፣ 40 ብንጠቀም ቆጣሪው 200 ያነባል። የቪላው ፍሪጅና ምጣድ ሲጨመርበት ጣሪያ ይነካል። ሂሳቡ ሲመጣ እኩል እንካፈላለን። ድጎማው የታሰበለት ሰው አንዲት አምፖልና አንድ ምድጃ ይዞ በባለቪላ ዋጋ ይከፍላል።

«ሆቴል በሞላበት ሰፈር ማን ይራባል?»

ከሆቴል የሚተርፈው ምግብ ራሱ ይሸጣል። ስሙ ቡሌ ነው። ሩዙ፣ ፓስታው፣ ቁራጭ ሥጋው ተደባልቆ በጉርሻ ይቸበቸባል። ቀን ሠራተኛው ከፍሎ ነው የሚበላው።

«ካልቻሉ ለምን ዳር ወጥተው አይኖሩም?»

ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኪራይ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ሕንፃ ሥር ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ደንበኞቿ ላይኛው ፎቅ ያሉት የቢሮ ሰዎች ናቸው። ከሰሉን፣ ጀበናውን፣ ረከቦቱን ይዛ በሌሊት ሁለት ታክሲ መቀያየር አለባት። ማታ ደግሞ ሰልፉ አለ። ከኪራይ የተረፈው ታክሲ ላይ ያልቃል፤ ልጆቿን የምታያቸው ተኝተው ነው።

መሀል ከተማ ያለው ድሃ ወረቀት ላይ እንደሌለ ደግሞ ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ ጎልቶ ታየ። ምትክ የሚሰጠው ለባለይዞታና የቀበሌ ቤት ውል በስሙ ላለው ነው። የቀበሌ ቤቱ ውስጥ በደባልነት፣ ቆጥ ላይ እየተኛ ዓመታት የገፋው ሰው ስሙ የትም አልሰፈረም።

«የኪራይ አዋጅ ወጥቶ የለ?»

ወጥቷል፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ጥሩ አዋጅ ነው። እኔም አንብቤው ሞራሌ ተነሳስቶ አከራዬን «እማማ፣ ውል እንፈራረም?» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ እኛ በእምነት ነው የምናከራየው። ውል ከፈለግክ ሌላ ቤት ፈልግ» አሉኝ። ሌላ ቤት መፈለግ ማለት የደላላ፣ የጭነት፣ የቅድሚያ ማለት ነው። በእምነት ተቀመጥኩ።