ኤልሳት ምንድን ነው? ሕግ የማይጠይቀው የሕግ ትምህርት ቤት ፈተና

የእህቴ ልጅ ሕግ መማር እንደምትፈልግ የነገረችኝ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤታቸው ቡና እየጠጣን ነው። ቀጥላ የጠየቀችኝ፣ «የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ከየት ጀምሬ ላንብብ?» የሚል ነበር። ጥያቄዋ አልገረመኝም። እኔም ከዓመታት በፊት ያንኑ አስቤ ነበር። ከቤተ መጻሕፍት ስለ ውል ሕግ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ተውሼ፣ ሌሊት በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ ታገልኩት። ከዚያ የመጀመሪያውን የልምምድ ፈተና ከፈትኩ። ስለ ውል የሚጠይቅ አንድም ጥያቄ የለም። ስለ ወንጀልም የለም። አንዱ ጥያቄ ስለ ወፎች ነው። ሌላው ስለ ከተማ አውቶቡስ።

ኤልሳት (LSAT) አሜሪካ ውስጥ ሕግ ለመማር የሚያመለክቱ ሰዎች የሚወስዱት የመግቢያ ፈተና ነው። የሚያዘጋጀው ኤልሳክ (LSAC) የተባለ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ ኒውታውን የሚገኝ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በፈረንጆቹ 1948 ነው።

ለምን ሕግ እንደማይጠይቅ ለመረዳት የአገሩን አካሄድ ማወቅ ይጠቅማል። ኢትዮጵያ ውስጥ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ሕግ ፋኩልቲ ይገባል። እዚህ ግን መጀመሪያ በሌላ ትምህርት ዲግሪ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ነው ሦስት ዓመት የሚፈጀው ጄዲ የሚባለው የሕግ ዲግሪ የሚመጣው። ስለዚህ አመልካቾቹ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ አካውንታንት፣ ሌላው ታሪክ ያጠና። ሕግ የተማረ የለም። ትምህርት ቤቶቹ ሁሉንም በአንድ መስፈሪያ የሚለኩበት ነገር ያስፈልጋቸዋል። ኤልሳት ያ መስፈሪያ ነው። የሚለካውም አንድ ነገር ነው፦ የተጻፈውን አነበብክ ወይስ የመሰለህን ጨመርክበት?

ይህን በወሬ ከማስረዳት አንድ ጥያቄ አብረን ብንሠራ ይሻላል። ጥያቄውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ አሠራሩ ግን የፈተናው ነው።

አንድ የምግብ ቤት ባለቤት እንዲህ ይላል፦ «ከመስከረም ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እናፈላለን። የቅዳሜ ደንበኞቻችን ቁጥርም ከመስከረም ወዲህ ጨምሯል። ስለዚህ ደንበኛ ያመጣልን ቡናው ነው።» ጥያቄው፦ ከሚከተሉት ውስጥ የባለቤቱን ክርክር ይበልጥ የሚያዳክመው የቱ ነው? ሀ፦ ቅዳሜ ከሚመጡት ደንበኞች አንዳንዶቹ ቡና አይጠጡም። ለ፦ ከመስከረም ወዲህ የጥሬ ቡና ዋጋ ጨምሯል። ሐ፦ ማዶ ያለው ምግብ ቤት ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ መክፈት አቁሟል። መ፦ ቡና በማይፈላባቸው ቀናት የደንበኛ ቁጥር አልጨመረም። ሠ፦ ቡናው እንዲፈላ የመከረችው የባለቤቱ ሚስት ናት።

ሠ ከክርክሩ ጋር አይገናኝም። ለ ስለ ወጪ ነው የሚያወራው፣ ባለቤቱ ግን ስለ ትርፍ አንድም ቃል አልተናገረም። መ ይባስ ብሎ ባለቤቱን ይደግፈዋል፤ ቡና በሌለበት ቀን ጭማሪ ከሌለ ቡናው ሥራ ሠርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሀ ግን ወጥመድ ነው። እኔ እንዲህ ባለው መልስ ስንቴ ወድቄያለሁ! «ቡና የማይጠጡ ካሉ ታዲያ ቡናው እንዴት አመጣቸው?» ያሰኛል። ግን «አንዳንዶቹ» ስንት ናቸው? ሁለት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እነሱም ቡና የሚጠጣ ጓደኛቸውን ተከትለው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ክርክሩ አልተነካም። መልሱ ሐ ነው። የጎረቤቱ ደንበኞች ቅዳሜ የሚሄዱበት አጥተው ከሆነ፣ የጨመረው ሰው ከማዶ የተሻገረ ሊሆን ይችላል። ሐ ባለቤቱ ተሳስቷል ብሎ አላረጋገጠም። ለጭማሪው ሌላ ምክንያት አሳየ፣ ለማዳከም ደግሞ ይህ ይበቃል።

ልብ በሉ፣ ይህን ለመመለስ የሕግ መጽሐፍ አላስፈለገም። በዱሮው ችሎት «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ፣ ጎበዙ ተሟጋች የባላጋራውን ቃል እዚያው ይዞ የሚቀር ነበር። «እንዲህ አላልክም፣ ያልከው እንዲያ ነው» ብሎ። ኤልሳት የሚፈልገው ያንን ጆሮ ነው።

ፈተናው አሁን ያለው ቅርጽ ይህ ነው። አራት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ። ሁለቱ ከላይ እንዳየነው ዓይነት አጫጭር ክርክሮች የሚቀርቡባቸው ናቸው፤ በአንዱ ክፍል 25 ገደማ ጥያቄ አለ። ሲካፈል ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይደርስም። ሦስተኛው ረጃጅም ንባብ ነው፦ አራት ጽሑፎች፣ ከነዚህም አንዱ ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የጻፉት ጥንድ ጽሑፍ ነው። ቀሪው አንድ ክፍል ከሁለቱ ዓይነቶች አንዱን ይመስላል፣ ነጥብ ግን የለውም። አዘጋጆቹ ለወደፊት የሚጠቀሙባቸውን ጥያቄዎች የሚሞክሩበት ነው። የትኛው ክፍል እንደሆነ ግን አይነገራችሁም፣ ስለዚህ ሁሉንም ከልብ መሥራት ነው። መሳሳት ነጥብ አያስቀንስም፤ ሰዓት ካለቀባችሁ ባዶ ከመተው ገምታችሁ ሙሉ። ከዚህ ሌላ በተለየ ቀን ከቤት የሚጻፍ የክርክር ድርሰት አለ። ነጥብ ባይሰጠውም እሱ ሳይጻፍ ውጤት አይለቀቅም።

እኔ ስፈተን «ሎጂክ ጌምስ» የሚባል ክፍልም ነበር። ሰባት ሰዎች በሰባት ወንበር፣ እገሌ ከእገሊት አጠገብ አይቀመጥም፣ እያሉ የሚያሰሉት። ሥዕል ሳይሥሉ የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው። ማየት የተሳናቸው ተፈታኞች ይህ ፍትሐዊ አይደለም ብለው ከሰሱ፣ በ2019 ከኤልሳክ ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ፣ ክፍሉም ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ቀረ። ይህን የምጽፈው ከወንድማችሁ ወይ ከጓደኛችሁ የወረሳችሁት የማጥኛ መጽሐፍ ከዚያ በፊት የታተመ ከሆነ ያ ምዕራፍ እንዲታለፍ ነው። ሰው ስንት ሳምንት ያቃጥልበታል።

ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። ከተፈታኞቹ መካከል ላይ ያለው ሰው 150ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ያገኛል። ሃርቫርድና ዬል ከሚገቡት ግማሽ ያህሉ 174 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ያመጣ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ቁጥር ነው። በዓመት ከ70 ሺህ ዶላር በላይ የሚያስከፍሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ስኮላርሺፕ ሲያከፋፍሉ ደግሞ መጀመሪያ የሚያዩት ጂፒኤንና ኤልሳትን ነው። ጥቂት ነጥብ ማሻሻል ሙሉ ከፋይን ግማሽ ከፋይ ሊያደርግ ይችላል። ወላጅ ታክሲ እየነዳ፣ ምግብ ቤት እያበሰለ ለሚያስተምር ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ «ለመግባት ያህል ይበቃኛል» ብሎ ቶሎ መፈተን በኋላ በብድር ይከፈላል። ሦስት ወር ተጨማሪ ማጥናት ከአሥር ዓመት ዕዳ ይቀላል።

ወደ ዝግጅቱ ልምጣ። የመጀመሪያ የልምምድ ውጤቴ 146 ነበር። ደነገጥኩና ፈተና በፈተና ላይ መሥራት ጀመርኩ። በሳምንት ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት። ሁለት ወር ሙሉ 150 ላይ ተቸንክሬ ቀረሁ። ውጤቴን አየሁ እንጂ ስህተቴን አላየሁም ነበር። የረዳኝ አንድ ሰማያዊ ደብተር ነው። ገጹን ሦስት ቦታ ከፈልኩት። የመረጥኩት፣ ያታለለኝ፣ የሚከለክለው ቃል። ለምሳሌ አንዱ ቦታ እንዲህ ይላል፦ «የመረጥኩት፦ ሐኪሞች ሁሉ ይስማማሉ የሚለውን። ያታለለኝ፦ ሐሳቡ እውነት ስለሆነ። የሚከለክለው ቃል፦ ጽሑፉ ያለው 'ብዙዎቹ' ነው።» ሦስተኛዋን ቦታ መሙላት ካቃተኝ ጥያቄው አልገባኝም ማለት ነው፣ እንደገና እቀመጣለሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ስገልጥ አንድ ነገር ፈጦ ታየኝ። አብዛኛው ስህተቴ ከማውቀው ነገር የመጣ ነው። ስለማላውቃቸው ከዋክብት ሲጠየቅ በጥንቃቄ አነባለሁ። ስለማውቀው የቡና ንግድ ሲጠየቅ ከራሴ እጨምራለሁ።

ሌላው የጠቀመኝ፣ ሰዓት ይዤ ከሠራሁ በኋላ መልሱን ሳላይ የተጠራጠርኳቸውን ጥያቄዎች ያለ ሰዓት እንደገና መሥራት ነው። ሁለተኛ ስሠራው ካገኘሁት ችግሬ ፍጥነት ነው። ሁለተኛም ከሳትኩት ችግሬ መረዳት ነው። ሁለቱ በሽታዎች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ለየብቻ ነው። ለረጃጅሙ ንባብ ደግሞ እያንዳንዱ አንቀጽ ሲያልቅ «ይህ እዚህ ለምን ገባ?» ብዬ ራሴን እጠይቅ ነበር። ማስመር ያን ያህል አልረዳኝም።

በአማርኛ ላደግን ሰዎች ለብቻው የምነግራችሁ ነገር አለ። ቋንቋችን በጥቃቅን ቃላት ላይ ያሠለጥነናል፣ ያታልለናልም። ዕቁብ እንውሰድ። «የወሩን የከፈለ ዕጣ ውስጥ ይገባል» ከተባለ መክፈል በቂ ነው። «ዕጣ ውስጥ የሚገባው የወሩን የከፈለ ብቻ ነው» ከተባለ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያልከፈለ አይገባም፣ የከፈለ ሁሉ ይገባል ግን አልተባለም። ምናልባት ዋስም ይጠየቅ ይሆናል። ይህ የ«ብቻ» ነገር በኤልሳት ላይ በየገጹ አለ። እንግሊዝኛው ሲያምታታኝ ወደ ዕቁብ መልሼው እሠራው ነበር። የሚያታልለን ደግሞ «አንዳንድ» ነው። በእኛ አነጋገር «አንዳንድ እንግዶች መጥተዋል» ካልን ሌሎቹ ቀርተዋል ማለታችን ነው። በፈተናው ግን ይህ ቃል ቢያንስ አንድ ማለት ነው፤ ሁሉም ቢመጡም ቃሉ አይፈርስም።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው ማለት ተጨማሪ ሰዓት አያሰጥም። ተጨማሪ ሰዓት የሚፈቀደው የአካል ጉዳት ወይም የጤና ችግር ማስረጃ ላለው ነው። ስለዚህ ከውጭ መጥቶ ለሚፈተን ሰው ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚባለው የተለመደ የዝግጅት ጊዜ ላይበቃ ይችላል። ሥራ ለሚሠራማ ዓመትም ቢሆን አይብዛበት። የሚፈቀደው ሙከራም ገደብ አለው፤ ውጤት ፀንቶ በሚቆይበት አምስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ሰባት ጊዜ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ መመዝገቢያው ከ200 ዶላር በላይ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ከክፍያ ነፃ እንዲደረግ ኤልሳክን መጠየቅ ይችላል። ግን ከመመዝገቡ በፊት ነው፤ የተከፈለ አይመለስም። ሎውሀብ በሚባለው የኤልሳክ ድረ ገጽ ላይ ጥቂት ሙሉ ፈተናዎች በነፃ ተቀምጠዋል። እኔ እነሱን ሳልከፍት ነው ለኮርስ ገንዘብ ያወጣሁት። እባካችሁ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ።

ኢትዮጵያ ዲግሪያቸውን ለሠሩ ደግሞ ሁለት ነገር። ኤልኤልቢ (የመጀመሪያ የሕግ ዲግሪ) ይዛችሁ ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ለመማር ከሆነ የምታመለክቱት፣ በአብዛኛው ኤልሳት አትጠየቁም። ጄዲ ከሆነ ግን ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ኤልሳክ ተልኮ ይገመገማል፣ ጂፒኤውም እንደ አሜሪካኖቹ በቁጥር አይሰላም። ስለዚህ በማመልከቻችሁ ላይ ዋናው ቁጥር ኤልሳት ይሆናል። ትራንስክሪፕቱን ለማስላክ ቀደም ብላችሁ ሰው አሯሩጡ።

የመጨረሻው ስም ነው። በምዝገባው ላይ ያለው ስምና በመታወቂያችሁ ላይ ያለው ስም በፊደል እንኳ መለያየት የለበትም። የእኛ ስም ደግሞ ታውቁታላችሁ። ፓስፖርት ላይ ጸጋዬ በአንድ አጻጻፍ፣ መንጃ ፈቃድ ላይ በሌላ። አንዱ ላይ የአባት ስም መጨረሻ ነው፣ ሌላው ላይ የአያት። የእህቴን ልጅ መጀመሪያ ያስደረግኳት ይህንን ነው። መንጃ ፈቃዷን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ላፕቶፑ አጠገብ አስቀምጣ፣ አንድ በአንድ እያየች ስሟን ጻፈች። ከዚያ ሰማያዊ ደብተር ልትገዛ ወጣን።