«ኒዘር … ኖር» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ

«ኒዘር … ኖር» ሁለት ነገሮችን በአሉታ የሚያያይዝ የእንግሊዝኛ ጥንድ መስተጻምር ነው። የመጀመሪያው ቃል «ናይዘር» ተብሎም ይነበባል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ግሱ ላይ ነው። «አበበም ከበደም አልመጡም» ስንል አሉታውን የያዘው ግሱ ነው፤ «ም» ስሞቹን ብቻ ታያይዛለች፣ «አበበም ከበደም መጡ» ማለትም ይቻላልና። በእንግሊዝኛ ግን አሉታው መስተጻምሩ ውስጥ ስላለ ግሱ በአዎንታ ይጻፋል፦ «ኒዘር አበበ ኖር ከበደ ኬም»። በ«ኬም» ቦታ «ዲድ ኖት ካም» ከገባ ድርብ አሉታ ይሆናል፤ በመደበኛ ጽሑፍ ይህ ስህተት ነው።

ግሱን በአሉታ መጻፍ ከተፈለገ ጥንዱ ወደ «አይዘር … ኦር» ይለወጣል፦ «ሂ ደዝ ኖት ድሪንክ አይዘር ቲ ኦር ኮፊ»፣ ሻይም ቡናም አይጠጣም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ዘዴው ለተሳቢ እንጂ ለባለቤት አይሠራም። «አይዘር አበበ ኦር ከበደ ዲድ ኖት ካም» ከተባለ ከሁለቱ አንዱ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሰዋስዉ ትክክል ስለሆነ የትርጉሙን መዛባት አራሚም ላያየው ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቦታ ጉዳይ ነው። ከ«ኒዘር» በኋላ የገባው የቃል ዓይነት ከ«ኖር» በኋላም መደገም አለበት። «ሂ ኒዘር ስፒክስ አረቢክ ኖር ፍሬንች» የተዛነፈው በአንድ ወገን ግስ፣ በሌላው ስም ስላለ ነው። «ኒዘር»ን ከግሱ በኋላ ማዛወር ይበቃል፦ «ሂ ስፒክስ ኒዘር አረቢክ ኖር ፍሬንች»።

ባለቤቶቹ አንዱ ነጠላ ሌላው ብዙ ሲሆኑ ግሱ የቅርቡን ይከተላል፦ «ኒዘር ዘ ስቱደንትስ ኖር ዘ ቲቸር ኢዝ ሂር»፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ «አር»። ብዙ ቁጥሩን ኋላ ማስቀመጥ ለጆሮ ይሻላል። «ኒዘር ሺ ኖር አይ አም» ሕጉን ቢጠብቅም ስለሚጎረብጥ ዓረፍተ ነገሩን በሌላ መልክ መጻፍ ይመረጣል።

«ኖር» ያለ «ኒዘር» ሁለተኛ ሐረግ ሲጀምር ረዳት ግሱ ከባለቤቱ ይቀድማል፤ ከ«ኖር» በፊትም ኮማ ይገባል፦ «ሺ ዲድ ኖት ኮል, ኖር ዲድ ሺ ራይት»። «ኖር ሺ ዲድ ኖት ራይት» መጻፍ አሉታውን ዳግም ያባዛዋል።