የመኖሪያ ቤት መብት ምንድን ነው?

የመኖሪያ ቤት መብት ሲነሣ ብዙ ሰው መንግሥት ለእያንዳንዱ ዜጋ ቤት ሠርቶ ቁልፍ የማስረከብ ግዴታ አለበት ማለት ይመስለዋል። የሕግ ጥያቄው ከዚህ ጠበብ ያለ ነው፦ ልጆቹን ይዞ ማደሪያ ያጣ ቤተሰብ ቤት ስጡኝ ብሎ የሚጠይቀው፣ እምቢ ሲባልም ፍርድ ቤት የሚያቆመው አካል አለ ወይ? ከሌለ ሕጉ ላይ የሰፈረው ቃል ከመልካም ምኞት አያልፍም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የመኖሪያን ነገር የሚያነሣው በአንቀጽ 90 ሲሆን፣ ይህ አንቀጽ የሚገኘው በመሠረታዊ መብቶች ምዕራፍ ሳይሆን በፖሊሲ መርሖዎችና ዓላማዎች ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የሚል ገደብም ተበጅቶለታል።

ደቡብ አፍሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው ተስማሚ መኖሪያ ቤት የማግኘት መብት እንዳለው ደነገገች። ድንጋጌው የተፈተነው ከኬፕ ታውን ወጣ ብላ በምትገኘው ዋላስዲን ነዋሪዎች ነው። ወይዘሮ አይሪን ግሩትቡም ከቤተሰባቸውና ከእኅታቸው ቤተሰብ ጋር 20 ካሬ ሜትር ገደማ በሆነች ደሳሳ ጎጆ ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር፤ በሰፈሩ የቧንቧ ውሃም ሆነ የፍሳሽ መውረጃ አልነበረም፣ መብራት የገባላቸውም ከ100 ጎጆዎች 5ቱ ብቻ ነበሩ። ለመንግሥት ቤት ተመዝግበው ዓመታት የጠበቁት እነዚህ ሰዎች ባዶ የግል መሬት ላይ ጎጆ ቢቀልሱ፣ በግንቦት 1999፣ ልክ ክረምቱ ሲገባ ጎጆዎቹ በዶዘር ፈረሱ፣ ዕቃቸውም ወደመ። ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዳይመለሱ ቦታው በሌሎች ተይዟል፤ ስለዚህ 390 አዋቂዎችና 510 ልጆች በስፖርት ሜዳ ላይ ፕላስቲክ ወጥረው ዝናቡን ለመከላከል ሞከሩ።

የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2000 በሰጠው ውሳኔ የመንግሥት የቤት ፕሮግራም ዛሬ ማደሪያ ለሌለው ሰው አንዳች ነገር ስላላዘጋጀ ሕገ መንግሥቱን ጥሷል አለ። ሆኖም ማንም ሰው ተነሥቶ አሁኑኑ ቤት ይሰጠኝ ማለት እንደማይችልም በዚያው ውሳኔ ገለጸ። በእኔ አስተያየት የውሳኔው ድካም እዚህ ላይ ነው፤ መንግሥትን ዕቅድህን አስተካክል አለው እንጂ ለየትኛው ቤተሰብ፣ እስከ መቼ የሚለውን አልቆረጠም። የአደጋ ጊዜ መኖሪያ ፕሮግራም ከፍርዱ በኋላ ተቀርጿል። ወይዘሮ ግሩትቡም ግን በ2008 ከዚህ ዓለም ሲለዩ ገና ጎጆ ውስጥ ነበሩ።

መጠለያና መኖሪያ ቤት አንድ እንዳልሆኑም ማስተዋል ያስፈልጋል። በኒው ዮርክ ከተማ ከ1981 ጀምሮ በፍርድ ቤት ስምምነት የተገኘውና ኋላም ለቤተሰቦች የተዳረሰው መብት የሚያስገኘው የማደሪያ መጠለያ ነው፤ ከመጠለያው ወጥቶ በራስ በር መግባት ሌላ ጉዳይ ነው።

መብቱን እስከ ቋሚ ቤት ድረስ ያደረሰችው ስኮትላንድ ናት። የ2003 ሕጓ፣ ቀድሞ በተለይ ልጅ ላላቸውና ለመሰሎቻቸው ይሰጥ የነበረውን ቅድሚያ ደረጃ በደረጃ አስቀርቶ፣ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በራሱ ጥፋት ቤት ያላጣ ሰው ሁሉ ከአካባቢው ምክር ቤት ቋሚ መኖሪያ የማግኘት መብት እንዲኖረው አደረገ። እዚያ ቤት አልባ የሚባለው ጎዳና ላይ ያደረ ብቻ አይደለም፤ ከዘመድ ቤት በደባልነት ገብቶ በዚያ መቆየት የማይገባው ሆኖ የተገኘ ቤተሰብም በሕጉ ቤት አልባ ነው። ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች ተስማሚ ባልሆነ የእንግዳ ማረፊያ ከ7 ቀን በላይ ማቆየትም ከ2017 ወዲህ ተከልክሏል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቤቱ ራሱ ካልተሠራ ሕግ ግድግዳ አያቆምም። በ2024 የስኮትላንድ መንግሥት የቤት ችግሩ አገራዊ አስቸኳይ ሁኔታ መሆኑን ያወጀ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በጊዜያዊ መኖሪያ ያሉ ልጆች ከ10,000 በላይ ነበሩ። እነዚህ ልጆች ከዋላስዲን ቤተሰቦች የሚለዩት፣ የእያንዳንዳቸው ወላጆች ቤት የመስጠት ግዴታ ያለበትን ምክር ቤት በስም ማወቃቸውና ቋሚ ቤት እስኪሰጣቸው ድረስ ግዴታው ከዚያ ምክር ቤት ትከሻ አለመውረዱ ነው።